ባለጉሊቷን ያገዘፈ ብሩሽ፦ ሥዕል፣ ሸቀጥና አምልኮተ ዝና

ከደሴ ተነሥቶ የለጋምቦን ውርጫም ደጋ በአቀስታ በኩል አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ መካነ ሰላም ሲደርስ ከቦረና ከተማ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ማቆልቆል ይጀምራል። በገበያ ቀን ከተማዪቱን የሚያይ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከዓይኑ ይገባል። አንደኛው ከመሬት ላይ ነው፤ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው፣ ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ከፍለው የተቀመጡ ሴቶች። ሁለተኛው ከበላያቸው፣ ከሱቆቹ በርና ግድግዳ ላይ ነው፤ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሰልባጅ ልብስ፣ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ፣ የድምፃዊና የእግር ኳስ ተጫዋች ፖስተር። ከግድግዳው ላይ ያለው ፊት ይስቃል፤ ስሙም ይታወቃል። ከግርጌው የተቀመጠችው ሴት ግን ከፖስተሩ በታች ታንሳለች፤ ገዢም ቢሆን አስቀድሞ የሚያየው መደቡን እንጂ እሷን አይደለም።

ይህ ትዕይንት የመካነ ሰላም ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ነው። ይሁን እንጂ ለሥነ ጥበብ ሂስ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይኸውም «ሥዕል ማንን ያገዝፋል?» የሚል ነው። አንድ ኅብረተሰብ የማንን መልክ አጉልቶ ከከፍታ ላይ እንደሚሰቅል፣ የማንንም ከግርጌ እንደሚያስቀር መመርመር ያ ኅብረተሰብ ምንን እንደሚያከብር መመርመር ነው። የሸቀጥ ባህልና አምልኮተ ዝና የዓለም ሥነ ጥበብ ዐቢይ ርእሰ ጉዳይ በሆኑበት በዚህ ዘመን፣ ለጥያቄው በራሳቸው መንገድ መልስ የሰጡ አንድ የወሎ ተወላጅ ሠዓሊ አሉ፤ ታደሰ መስፍን። የእርሳቸውን ሥራ በሚገባ ለመመዘን ግን ጥያቄውን ከሥሩ መነሣት ይገባል።

ጥያቄው ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ዛሬ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚባለው አካባቢ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ከሚባለው ክፍል ውስጥ ነበረ። ከእ.ኤ.አ. 1468 እስከ 1478 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም የአትሮንሰ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በዚሁ በቤተ አምሐራ ነው። በዚያው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሠዓሊ አግኝቶታል፤ በሀገሩም 40 ዓመት ያህል የኖረ መሆኑን ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንደሚተርከው ደግሞ፣ ብራንካሊዮን ድንግል ማርያምን ልጇን በግራ ክንዷ እንዳቀፈች አድርጎ ስለሣላት ታላቅ ሁከት ተነሣ። ግራ እጅ የተናቀ እጅ ነውና ሥዕሉ እንደ ስድብ ተቆጠረ። ንጉሡ ግን ከሠዓሊው ጎን ቆመ፤ ሥዕሉም በአትሮንሰ ማርያም ሊቆይ ቻለ።

በዚህ ትረካ ውስጥ ቁም ነገሩ ማን ረታ የሚለው አይደለም። ቁም ነገሩ ተመልካቹ ሥዕልን እንደ ግድግዳ ጌጥ ሳይሆን ክብርን እንደሚሰጥና እንደሚነሣ ነገር አይቶ መፍረዱ ነው። የታሪኩ ፍጻሜም ያስተምራል። ኋላ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ዘመን በሮማ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የማርያም ሥዕል በታተመ ወረቀት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዚህም ሥዕል ሕፃኑ በግራ ክንድ ታቅፏል። ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ያን መልክ የራሳቸው አድርገው ደጋግመው ሣሉት፤ አስቀድሞ ሁከት ያስነሣው አያያዝም የተለመደ ደንብ ሆነ። የታተመ ወረቀት የሰውን ዓይን ምን ያህል እንደሚያለማምድ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያሻም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የራሱ የመጠን ሰዋስው አለው። ቅዱሱ ግዙፍ ነው፤ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ወይም መኰንን ከግርጌው ተደፍቶ አንሶ ይታያል፤ ስሙም ከአጠገቡ ይጻፋል። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይመለከታል፤ ክፉው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ከዚያው ገበያ የሚውለው የወሎ ሙስሊም ወገን በበኩሉ በአምልኮው ምስልን አይጠቀምም፤ ፍጡርን አግዝፎ ማቆም ወደ ስግደት እንዳይወስድ ይጠነቀቃል። ሁለቱ ልማዶች መንገዳቸው የተለያየ ቢሆንም አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ማግዘፍ ማክበር ነው፤ ማክበርም ልክ ካጣ አምልኮ ይሆናል።

ይህ ሰዋስው በ20ኛው መቶ ዓመት ባለቤት ለወጠ። የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰቀለ። ከእ.ኤ.አ. 1974ቱ አብዮት በኋላ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ገዝፈው ቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥርዐቱ ሲወድቅም ዘመናቸው አበቃ። ከፍታው ግን ባዶውን አልቀረም። የሳሙና፣ የመጠጥና የስልክ ማስታወቂያ ወጣበት፤ ሸቀጡን ይዞ የሚስቀው ዝነኛም አብሮ ወጣ። ቅዱስ፣ ንጉሥ፣ መሪ፣ ዝነኛ እየተባለ መቀመጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ከመቀመጫው ግርጌ ያለው ሰው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በሥዕል ረገድ የሸቀጥንና የዝናን ዝምድና ፊት ለፊት ያወጣው አሜሪካዊው አንዲ ዋርሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የካምቤል ኩባንያን የቆርቆሮ ሾርባ በ32 ሸራዎች ላይ፣ ለእያንዳንዱ የሾርባ ዓይነት አንድ ሸራ መድቦ አቀረበ። በዚያው ዓመት ተዋናይቱ ማሪሊን ሞንሮ ስትሞት፣ «ናያጋራ» ለተባለው ፊልም ማስታወቂያ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ወስዶ፣ ቀለሙን በተወጠረ ስስ ጨርቅ እያሾለከ በማተም ፊቷን ደጋግሞ አባዛው። ከእነዚህም አንዱን በወርቅማ መደብ መካከል ለብቻው አስቀመጠው። በልጅነቱ በፒትስበርግ ከተማ በምሥራቃዊ ሥርዐት በምትመራ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያደገው ሰው፣ በወርቅ መደብ ላይ ያለ ነጠላ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ የሥዕለ አድኅኖን ቦታ ለፊልም ተዋናይት ሰጣት።

የዋርሆል ግኝት ዝነኛውና ሾርባው ከአንድ ማሽን የሚወጡ መሆናቸውን ማሳየቱ ነው። አንድ ፊት ብዙ ጊዜ ሲታተም ፊትነቱ ቀርቶ የቆርቆሮ ላይ ምልክት ይሆናል፤ ሰው ይታያል እንጂ አይታወቅም። ነገር ግን ማሽኑ ሂሱንም ሳይቀር ዋጠው። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱ የማሪሊን ሥዕሉ በጨረታ በ195 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የሸቀጥን ባሕርይ የገለጠው ሥራ ራሱ ውድ ሸቀጥ ሆነ።

ከኢትዮጵያ ተወላጆች መካከል በዚህ መንገድ ጎልቶ የሚታየው በኒው ዮርክ ብሮንክስ ያደገው አወል ኤሪዝኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሆላንዳዊው ከቬርሜር የታወቀ ሥዕል ተነሥቶ፣ ባለ ሉሉን ልጃገረድ በቀርከሃ ጉትቻ ባጌጠች ጥቁር ሴት ተክቶ በፎቶግራፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ድምፃዊት ቢዮንሴ መንታ ማርገዟን ያበሰረችበትን ፎቶግራፍ አነሣ። ድምፃዊቱ ከአበባ ክምር ፊት ተንበርክካ፣ ስስ መሸፈኛ ተከናንባ የምትታይበት ይህ ምስል በኢንስታግራም ላይ በጊዜው የሁሉን የሚበልጥ ብዛት ያለው የመውደድ ምልክት አገኘ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ከክብር መቀመጫ ላይ የወጣችው ዝና የሌላት ሴት ናት፤ በሁለተኛው የማርያምን የመሰለ መከናነብ የተሰጠው አስቀድማ ለነገሠች ነው። ፊተኛው ክብርን ያካፍላል፤ ኋለኛው ላለው ይጨምርለታል።

ታደሰ መስፍን የቆሙት ከፊተኛው ወገን ነው፤ አካሄዳቸው ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1953 በወልድያ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በገብረ ክርስቶስ ደስታ እጅ ተማሩ፤ በሶቪየት ኅብረት በሌኒንግራድ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ከዚያም ዛሬ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በሚባለው ተቋም ከ30 ዓመታት በላይ አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚል ስም ሲሠሩት የቆዩት ተከታታይ ሥራ ርእሰ ጉዳዩ አንድ ነው፤ የጉሊት ሴቶች።

ስሙ ራሱ የሚመረመር ነው። በአማርኛ አነጋገር የቤት ምሰሶ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። ሠዓሊው ቃሉን ከአባወራው ወስደው ማለዳ ተነሥታ ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ ገበያ ለምትወጣው ሴት ሰጧት። ሸራዎቹ ላይ ሴቶቹ እንደ ሐውልት ረዝመው ይቆማሉ፤ ነጭ ልብሳቸው በረጅም መስመር እየወረደ ገላቸውን ወደ ዐምድነት ይለውጠዋል። የሕንፃ ጥበብ ያጠና እጅ ከዚህ ላይ ይታወቃል። ፊታቸው ጠይም፣ ረጋ ያለ፣ አንዳንዴም ወደ ተመልካቹ ያቀና ነው። ከኋላቸው ገበያው አለ፤ ይሁን እንጂ ሱቅ፣ መንገድ፣ ሰማይ ተብሎ የሚለይ ነገር እምብዛም የለም። ከጭጋግ የወጡ የሚመስሉ ሌሎች ሴቶች እየራቁ፣ እያነሱ፣ ከቀለሙ ጋር እየተዋሐዱ ይሄዳሉ። የውርጭ ማለዳ ገበያን የሚያውቅ የደጋ ሰው ይህን ጭጋግ ትርጓሜ ሳይሻ ይረዳዋል።

ዋናው የጥበብ ውሳኔ ግን ከመጠኑ ላይ ነው። በማስታወቂያ ሥዕል ዕቃው ይገዝፋል፤ ሰውዬው የዕቃው አጃቢ ይሆናል። በታደሰ ሸራ ላይ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ከእግር ሥር ወይም ከእጅ ላይ ያለች ትንሽ ነገር። ሴትዮዋ ግን ሸራውን ከላይ እስከ ታች ሞልታዋለች። ገበያ ተሥሎ ሸቀጡ የተረሳበት ሥዕል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሸቀጥን ባህል ለመንቀፍ ሸቀጥን መሣል ግድ እንዳልሆነ፣ ዕቃውን አሳንሶ ሰውን ማግዘፍ እንደሚበቃ እነዚህ ሸራዎች ያስረዳሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለቅዱሳን ያቆየው ቁመትና ሁለት ዓይን እዚህ ለባለጉሊት ተላልፏል። ነጭ ልብሳቸውም የአንዱን ሃይማኖት ሴት ከሌላው አይለይም፤ በቦረና ወይም በሳይንት ገበያ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ ሁሉ፣ በሸራውም ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ይመስላሉ።

ከሌኒንግራድ የተማሩ ሠዓሊ ሠራተኛን ሲያገዝፉ፣ የሶሻሊስት እውነታዊነት ፖስተር ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ተመልካች ይኖራል። እንዲህ አልሆነም። የታደሰ ሴቶች ጡጫ አያነሡም፤ በደስታ አይፈነድቁም፤ ወደ ሩቅ የነገ ፀሐይ አያመለክቱም። ከሶቪየት ትምህርት የሰውን አካል የመገንባት ጥንካሬው፣ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘመን ደግሞ ባዶ መደብን ያለ ፍርሀት የመተው ረቂቅነቱ የቀረላቸው ይመስላል። የሁለቱ መገናኘት ሥራቸውን ከመፈክርም ከፖስታ ካርድም አድኖታል።

ይህ ሁሉ ምስጋና ቢገባውም ሂስ ሁለት ነገሮችን ሳያነሣ ማለፍ የለበትም። የመጀመሪያው መደጋገምን ይመለከታል። ዋርሆል ፊትን ደጋግሞ ባዶ አደረገው፤ ታደሰስ? በአንድ ሸራ ፊት የቆመ ሰው ክብር ይሰማዋል፤ በርካታ ሸራዎችን በተከታታይ የሚያይ ሰው ግን ያችው ሴት፣ ያው አቋቋም፣ ያው ጸጥታ የተመለሰ ይመስለዋል። ምሰሶ ይሸከማል እንጂ አይናገርም። የጉሊት ሴት ግን ትናገራለች፤ ትከራከራለች፣ መርቃ ትጨምራለች፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲኳን ትዘረጋለች፣ ዱቤ የወሰደባትን ታስታውሳለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ትስቃለች፣ ትኳረፋለችም። ይህ ሁሉ ከሸራው ላይ ጠፍቷል። ስም የሌላትን ሴት በሐውልት ቁመት ማቆም ከናቋት ያድናታል፤ ለሐውልትነት አሳልፎ ከመስጠት ግን ያድናታል ወይ? ዝነኛው ስምና ፊት አለው፤ ባለጉሊቷ እዚህ ያገኘችው ፊቱን ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከግርጌ የተደፋው ባለጸጋ እንኳ ስሙ የተጻፈለት መሆኑ ሲታሰብ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በእርግጥ ለሠዓሊው የሚቀርብ መከላከያ አለ። እርሳቸው የሚሥሉት እገሊት የምትባልን ሴት ሳይሆን በየገበያው ያለውን ጽናት ነው፤ ከኋላ በጭጋግ ውስጥ እየራቁ የሚሄዱት ሴቶች ከፊት ያለችው ብቻዋን አለመሆኗን ይናገራሉ። የዝነኛ ፖስተር ደግሞ ከኋላው ማንንም አይፈቅድም፤ ብቻውን መሆን የዝና ሕግ ነው። መከላከያው ብርቱ ነው፤ የጎደለውን ድምፅ ግን አይተካም።

ሁለተኛው ነገር ሥራዎቹ የሚሰቀሉበትን ቦታ ይመለከታል። አዲስ አበባና ለንደን ውስጥ የሠራው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ እነዚህን ሸራዎች ለዓለም ገበያ አስተዋውቋል። ሠዓሊ ከሥራው ሊበላ ይገባዋልና ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ይዛ በቀረበችበት የቬኒስ ቢየናሌ ሀገሩን መወከሉም የመምህሩ ዘር ማፍራቱን ያሳያል። ነገር ግን ድንቿን በመደብ የምትሸጥ ሴት መልክ ራሱ በሌላ ገበያ፣ በሌላ ሚዛን ይሸጣል፤ የምትገዛውም የምትሸጠውም እሷ አይደለችም። የሀገር ውስጥ ጋዜጠኛም ሥራውን ሳይሆን የውጭውን አዳራሽና የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ሲያወራ፣ ሠዓሊውን ራሱን ወደ ዝነኛነት መቀመጫ ያወጣዋል፤ ዋርሆልን የዋጠው ማሽን እዚህም በር ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ከዚህ አኳያ ኀላፊነቱ የሠዓሊው ብቻ ሊሆን አይችልም። የተጫዋቹ ፖስተር መካነ ሰላም የደረሰው በጥበቡ ልቀት አይደለም፤ በብዛት ስለታተመና ርካሽ ስለሆነ ነው። የሮማው የማርያም ሥዕልም በኢትዮጵያ ደብሮች ሁሉ መልክ የሆነው በዚያው መንገድ፣ በታተመ ወረቀት ነበር። እንግዲያውስ ዓይንን ለአምልኮተ ዝና ያለማመደው መሣሪያ ለሌላ ዓላማ የማይውልበት ምክንያት የለም። የባህል ተቋማት፣ መምህራንና የትምህርት አመራሮች ከሠዓሊው ፈቃድ ጋር እነዚህን ሥራዎች በጥሩ ኅትመት ወደ ትምህርት ቤት ግድግዳ፣ ወደ ባህል አዳራሽ፣ ወደ ገበያ ዳር ቢያደርሱ፣ ወጪው ከአንድ ትልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚበልጥ አይሆንም። የሥዕል መምህርም ለተማሪዎቹ ከፖስተሩና ከሸራው አጠገብ ለአጠገብ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል፦ እዚህ የገዘፈው ማን ነው? እዚያስ?

ሥራው ወደ ገበያው ሲደርስ ግን ለማስጨብጨብ ብቻ መሆን የለበትም። በብሩስ ትረካ የአትሮንሰ ማርያም ዘመን ሰዎች በሥዕሉ ፊት ዝም አላሉም፤ «ይህ ክንድ ልክ አይደለም» ብለው ፈረዱ። የዛሬዋ ባለጉሊትም ያንኑ መብት ልታገኝ ይገባታል። በሸራው ፊት ቆማ ነጠላው እንዲህ አይጣፋም፣ መደቡ እንዲህ አይደረደርም፣ እንዲህ ዝም ተብሎ ተቁሞ ማን ይገዛል ልትል ትችላለች። ይህን ያለች ቀን የሥዕሉ ሥራ ተጀመረ እንጂ አላበቃም። ሠዓሊው ያለ ስም ያቆሟት ሴት ስሟን ተናግራ ትፈርዳለች፤ ከመደቡ የጎደለውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለምና።